ማሽን ምን አጥፍቶ ይሰቀላል?

ጎሮ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ መንደሩ በሚያስገባው ኮብልስቶን ዳር፣ የአብኔዘር ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። አንደኛው አቶ ሙኽታር ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ጎሮ ከከተሙ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ የቦሌን ግቢዎችና የድርጅት መናፈሻዎች ሣር እያሳጨዱ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያበቁ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው። ሁለተኛዋ ሰምሃል ናት፤ የጎረቤታቸው የአቶ ግርማይ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በአውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል የዕቃ አስተሳሰርን የምትቆጣጠር ወጣት። እሷ የውኃ ታንከር መቆሚያ ልታሠራ ነበር የመጣችው። እሳቸው ደግሞ ከፒካፓቸው ኋላ የምትጎተተውን ትንሽ ተሳቢ የበር ማጠፊያ ሊያስበይዱ።

"ማጠፊያው ብቻ ነው" አሉ አቶ ሙኽታር፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ። "ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አብኔዘር የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

"ጋሽ ሙኽታር፣ ይቺ ማጠፊያ እኮ ከኔ ትጠነክራለች። ምኗ ይበየዳል?"

"ላልታለች።"

"አልላላችም።"

"አንተ ልጅ፣ በያጅ ነህ ወይስ ዳኛ? በይድ ስልህ በይድ እንጂ!"

ማጠፊያው አለመላላቱን አቶ ሙኽታርም ያውቁ ነበር። ከተሳቢው ላይ አንድ ነገር መጠገን ነበረባቸው፤ የሚጠገነው ግን እውነተኛው ጉድለት እንዳይሆን ፈለጉ። ሰው ሲያፍር እንዲህ ያደርገዋል፤ የሚያመው ጥርሱ ሆኖ ሳለ ጆሮዬን እዩልኝ ይላል።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ዘኪያ የምትባል ሠራተኛቸው ይህንኑ በር ከፍታ ገመዱን ስትፈታ፣ ከማሽኖቹ ክምር አናት ያለው ባለ ረጅም ዘንግ የሣር ማጨጃ ማሽን ተንሸራቶ ወረደና የብረት ምላጩ ግራ መዳፏን ቆረጠው። ሐኪም ቢሰፋውም ሁለቱ ጣቶቿ ዛሬም አይታጠፉም። በዚያው ሳምንት አቶ ሙኽታር ሽማግሌ ይዘው ወደ አባቷ፣ ወደ አገራቸው ልጅ ወደ ሐጂ አብዱልገኒ ቤት ሄዱ። የወሎ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ እሳቸውም "አፉ በሉኝ" አሉ። ከዚያ በፊት ግን አንዱ ሽማግሌ "ነገሩ እንዴት ሆነ?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር። አስበውትም አይመስልም፤ "ቸኩላ ጎተተችው" የሚል ቃል ከአፋቸው ወጣ። ሐጂውም አፉ አሉ። አፉ ብለውም አልቀሩ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ወደ ልጃቸው ዞረው "አንቺም ጥድፊያሽ ነው የበላሽ። ለማሽን አልተፈጠርሽም፤ ከእንግዲህ ቤት ትቀመጫለሽ" አሏት። ዘኪያ የተጠቀለለ እጇን እያየች ዝም አለች። አቶ ሙኽታርም ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፋቸውም ሰላታቸውም እንደ ድሮው አልሆነላቸውም።

ሰምሃል ታንከሯን ረስታ ወደ ተሳቢው ቀረበች።

"እንደምን አደሩ ጋሽ ሙኽታር? ዘኪያ እንዴት ሆነችልዎ?"

"ይሻላታል። አልሐምዱሊላህ። አላህ ያመጣው ነው።"

"አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቆጡኛል?"

"የግርማይን ልጅ ምን ብዬ እቆጣለሁ? ጠይቂ።"

"ማሽኖቹ ሁልጊዜ እንዲህ እንደ ጭድ ተከምረው ነው የሚሄዱት?"

አቶ ሙኽታር ቀና አሉ። ስድስቱ ማሽኖች ረጃጅም ዘንጎቻቸው እርስ በርስ ተጣልፎ፣ ባዶ ጆንያ ተጭኖባቸው፣ በገመድ ተጠፍረው ተኝተዋል። የተንጠባጠበ ቤንዚን ይሸታል።

"ጭድ አይደሉም። አስሬያቸዋለሁ። የኔ ቋጠሮ እንኳን ማሽን ግመል ያቆማል።"

"ቋጠሮዎ ጥሩ ነው፤ እኔም ብሆን እቀናበታለሁ" አለች ሰምሃል ፈገግ ብላ። "ግን ጋሼ፣ ገመዱ የያዘው ክምሩን ነው። ሥራ ቦታ ደርሳችሁ ሲፈታ ስድስቱም አንድ ላይ ይፈታሉ። አንዱን ለማውጣት የመጣ ሰው አምስቱን ከነምላጫቸው ፈቶ ከፊታቸው ይቆማል ማለት ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ ቢኖረው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው አይነቃነቅም። መስቀያ ለምን አያሠሩላቸውም?"

"መስቀያ?" አሉ አቶ ሙኽታር፤ ይህቺን ቃል ሲሰሙ የምትመጣላቸው ቀልድ ነበረቻቸው፤ ሳያስቡት ወጣች። "ማሽን ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው የሚሰቀለው?"

አብኔዘር ከት ብሎ ሳቀ። "ይግባኝ እንኳን ሳይባልለት!" አለ፣ መዶሻውን ጥሎ።

አቶ ሙኽታር ግን አልሳቁም። ሊስቁ ከንፈራቸውን ከፍተው ደርቀው ቀሩ። ይህንኑ ቀልድ፣ በዚሁ ድምፅ፣ ለዘኪያ ነግረዋት ነበር። ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ከረመዳን በፊት፣ "ጋሼ፣ ለማሽኖቹ መስቀያ እናሠራላቸው፤ ስናወጣቸው ያስፈራሉ" ስትላቸው። ሁለተኛ፣ ከተቆረጠችበት ቀን አራት ቀን ቀደም ብሎ። ሁለቱንም ጊዜ ሠራተኞቹ በሙሉ ሳቁ፤ እሷም ለአዛውንት ክብር ስትል ከሳቁት ጋር ሳቀች። ያቺ ለክብር ተብላ የተሳቀች ሳቅ አሁን ትዝ አለቻቸውና ፊታቸው ጋለ።

ሰምሃል የሆነውን አላወቀችም፤ አዛውንቱን ያስቀየመች መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ደፈርኩዎት መሰለኝ።"

"አልደፈርሽኝም።" ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። "ግን ስሚኝ። እኔ ይህን ሥራ በማጭድ ነው የጀመርኩት። ማሽን ከመጣ እንኳን አሥራ አንድ ዓመት በዚህች ተሳቢ ስንመላለስ አንድ ሰው አልተነካም። ያሁኑ አላህ ያመጣው ነው። ላይቀር የተጻፈን ነገር መስቀያ ይመልሰዋል?"

"ስለተጻፈው ነገር ለእርስዎ መናገር ለኔ ድፍረት ነው። ግን ፒካፑን ቁልቁለት ላይ ሲያቆሙ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋሉ አይደል?"

"አደርጋለሁ።"

"አሥራ አንድ ዓመት ሳይንሸራተት ቆይቶም ያደርጋሉ?"

"እንዴ! አንድ ቀን ቢንሸራተትስ?"

ይህን እንዳሉ ራሳቸው ያሉትን ሰሙት። አብኔዘር ሳቁን ዋጥ አደረገ። ሰምሃል ግን በአዛውንቱ ላይ መርታት አልፈለገችምና ወደ ራሷ ሥራ ወሰደችው።

"እኛ ዘንድ ጋሼ፣ ዕቃ ወድቆ ሰው ሲመታ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው 'በምን ታስሮ ነበር?' ነው። ማን ነካው፣ ማን ቸኮለ የሚለው ኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይመጣም። ሰው እኮ ይቸኩላል፤ ይደክመዋል፤ ቤቱ የታመመ ትቶ ሊመጣ ይችላል። ያንን ማንም አይለውጠውም። ማሰሪያውን ግን መለወጥ ይቻላል።"

በምን ታስሮ ነበር? አቶ ሙኽታር ጥያቄውን በልባቸው ደገሙት። በዚያ ሽምግልና ላይ አራት የከበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፤ አንዳቸውም ይህን አልጠየቁም። የጠየቁት ልጅቱ ምን እንዳደረገች ነው። ብዙ ጊዜ በአገራችን የተጎዳ ሰው ምን አጠፋህ ይባላል፤ የጎዳውን ነገር ያስቀመጠው ሰው ግን ሽማግሌ ይዞ ከመጣ ጨዋ ይባላል። ጨዋነቱ መልካም ነው። እውነቱን ከሸፈነ ግን የተጎዳውን ሁለተኛ ይጎዳል።

ሰምሃል ጎንበስ ብላ በክምሩ ውስጥ አየች። "የምላጮቹ መከላከያስ? ሲገዙ ከማሽኑ ጋር የሚመጣ ጥቁር ሽፋን ነበራቸው፤ ወዴት ሄደ?"

"ስንደራርባቸው እርስ በርስ እየተያያዙ አስቸገሩን። ወለቀ።"

"ማን አወለቀው?" አለ አብኔዘር፣ በተራ ወሬ አጠያየቅ።

አቶ ሙኽታር መንገዱን አዩ፤ አንድ የውኃ ቦቴ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ አለፈ። አልፎ እስኪሄድ ጠበቁ።

"እኔ" አሉ። "እኔ ነኝ ያስወለቅኩት።"

አቶ ሙኽታር እንደ ገና ሲጀምሩ ለሰምሃል ይሁን ለራሳቸው የሚናገሩት አይታወቅም ነበር።

"የሚከብደኝን ልንገርሽ። መስቀያው ጠቃሚ አይደለም ብዬ አይደለም። አሁን ባሠራ ሰው ምን ይላል? 'ሙኽታር ልጅቱ ከተቆረጠች በኋላ መስቀያ አሠራ' ይላል። መስቀያውን ይዤ በየመንገዱ ስሄድ ጥፋቱ የኔ ነበር እያልኩ መዞሬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ!"

"ባያሠሩትስ ማን ይሸከመዋል?" አለች ሰምሃል በቀስታ።

የዘኪያን ስም አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለገም። አቶ ሙኽታር ቋጠሯቸውን አዩና፣ "እሺ" አሉ። "ምን ዓይነት መስቀያ አለ? አሳዩኝ።"

አብኔዘር ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ሮጦ ከግድግዳው ላይ አንድ ከፌሮ የታጠፈ መንጠቆ አወረደ። "ይሄ ቀላሉ ነው። ሁለት ሁለት እበይዳለሁ፣ ዘንጉን ታንጠለጥሉታላችሁ፣ አለቀ።"

ሰምሃል አንዱን ማሽን አንስታ ሰቀለችውና በጣቷ ነካ አደረገችው። እንደ ደወል ተወዛወዘ። "በጎሮ ኮረኮንች ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ይወጣል" አለች።

"አትፍረጂ፣ በሽቦ ጠምዝዤ አስረዋለሁ።"

"ሽቦውን በየቀኑ ማን ሲፈታ ሊኖር ነው? ሲሰለቻቸው ይተዉታል።"

አብኔዘር ከውጭ የመጣውን አወጣ፤ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በስፕሪንግ የሚቆለፍ። አቶ ሙኽታር ወዲያው ወደዱት። ይሄ ሲታይም ያኮራል። ሰምሃል ግን ወደ ተሳቢው ጎን አስጠግታ አሳየቻቸው። የተሠራው ግድግዳው ድፍን ለሆነ ተሳቢ ነው፤ የእሳቸው ጎኑ ሽቦ ወንፊት ስለሆነ ብሎኑ የሚነክሰው የለውም። ቁመቱም የፈረንጅ ቁመት ነው። ሞተሩን በአፍጢሙ ስለሚያስተኛው የቤንዚኑ ክዳን ወደ ታች ይዞራል። "የሚያብረቀርቀው ለሌላ ሰው መኪና ነው የተሠራው" አለች።

ሦስተኛው ገና ያልተሠራ ነበር፤ ሦስቱም በኖራ መሬቱ ላይ እየሣሉ መረጡት። ከተሳቢው ወለል ጋር የሚበየዱ ሁለት የቱቦላሬ ብረት ቋሚዎች። በቋሚዎቹ ላይ ስድስት ስድስት ባላዎች፣ ዘንጉን እንዳይፍቁት በከመነዳሪ ጎማ የተለበጡ። ሞተሩ ወደ በሩ፣ ክዳኑ ወደ ላይ፤ ምላጩ ደግሞ ከበሩ ርቆ ሰው በማይቆምበት በፒካፑ በኩል፣ በአንድ ላሜራ ተከልሎ። መከላከያዎቹ ሳይወልቁ የሚገቡበት ስፋት። እያንዳንዱ ባላ ደግሞ የየራሱ መቆለፊያ ያለው።

"የላይኛው ባላ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል?" አለ አብኔዘር።

"ቁመቱን የሚወስነው ረጅሙ አይደለም" አለች ሰምሃል። "ከሠራተኞችዎ አጭሩ ማን ነው ጋሼ?"

አቶ ሙኽታር ኖራውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ዘኪያ" አሉ።

አብኔዘር ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

የሐጂ አብዱልገኒ ቤት ወደ ቦሌ ለሚ በሚወስደው በኩል ነው። አቶ ሙኽታር ከዐስር ሰላት በኋላ ብቻቸውን ሄዱ። ሽማግሌ አልያዙም። በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለመመለስ አስበው እንደነበር ኋላ ተናግረዋል፤ ቁመቷን ብቻ ለክተው፣ ሌላውን ሳይናገሩ ለመመለስም አስበው ነበር።

ሐጂው በወዳጅነት ተቀበሏቸው፤ ያ ነው የባሰባቸው። ዘኪያ በግራ እጇ መዳፍ ሳህን ደግፋ በቀኟ ስታጥብ ነበር፤ እጇን አድርቃ መጥታ ተሳለመቻቸው።

"ምን ልትለካ ነው ሜትር የያዝከው?" አሉ ሐጂው እየሳቁ። "መሬት ልትገዛኝ ነው?"

"ለማሽኖቹ መስቀያ ላሠራ ነው ሐጂ። የዘኪያን ቁመት ልለካ መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን..." ተቀመጥ ቢሏቸውም አልተቀመጡም። "ያን ቀን እዚህ ቤት የተናገርኩት ውሸት ነው። ዘኪያ አልቸኮለችም። ገመዱን ፍቺ ያልኳት እኔ ነኝ። የምላጩን መከላከያ ያስወለቅኩት እኔ ነኝ። መስቀያ አሠራ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አሳቅሁባት።"

ሐጂው መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ።

"እና እኔ ልጄን በሰው ፊት ያዋረድኳት በአንተ ቃል ነው?"

"በኔ ቃል ነው።"

"አጠገቤ ተቀምጠህ እየሰማህ?"

"እየሰማሁ።"

"ያን ቀን አፉ ያልኩህ ለዚህ አልነበረም ሙኽታር። ይህን መቼ ነገርከኝ?" ሐጂው ድምፃቸውን ከፍ ሊያደርጉ ፈልገው አልሆነላቸውም። ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው ነበር። "አፉ እንድልህ እኔን አትጠይቀኝ። እኔም ራሴ የምጠይቃት ይቅርታ አለብኝ። አባት ነኝ፤ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳለ አንድ ቃል ሳልጠይቃት ነው የፈረድኩባት።"

ዘኪያ ከሁለቱ አዛውንት አንዳቸውን ለማጽናናት አልቸኮለችም።

"አባባ፣ የእርስዎን ለብቻችን እናወራዋለን" አለች በመጨረሻ። "ጋሼ፣ ለእርስዎ አፉ ማለቱ ግን ይቆየኝ። ቸኩላ ነው ሲባል የሰሙት ሽማግሌዎች አልቸኮለችም ሲባልም ይስሙ። አሁን ሜትሩን ያምጡ።"

ከግድግዳው ተጠግታ ቆመችና ሁለት እጇን ከፍ አደረገች። "እዚህ፣ ደረቴ ላይ ይሁን። ከዚህ ከፍ ካለ ክብደቱን በቀኝ እጄ ብቻ ልሸከመው ነው። መቆለፊያውም የሚጠመዘዝ ከሆነ እነዚህ ጣቶች አይዙትም፤ በመዳፍ ተገፍቶ የሚከፈት ይሁን።"

"ትመለሺያለሽ ማለት ነው?" አሉ አቶ ሙኽታር።

"መስቀያውን አይቼ።"

በቀጣዩ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አቶ ሙኽታር አራቱን ሽማግሌዎች አንድ ላይ ጠርተው ያንኑ ቃል ደገሙ። አንዱ ሽማግሌ "ታርቃችሁ የለም እንዴ? የታረቀ ነገር ምን ያስቆፍርሃል?" አላቸው። "የታረቅነው በውሸት ነው" አሉ አቶ ሙኽታር። ሐጂ አብዱልገኒ በበኩላቸው ልጃቸው ጥፋት እንደሌለባት በዚያው በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገሩ።

መስቀያው በሁለት ሳምንት አለቀ። ዘኪያ መጥታ ስድስቱንም ማሽኖች አንድ በአንድ አስገባች፣ አወጣች። አራተኛውን ባላ "ጠበበ" ብላ አስፈትታ እንደ ገና አስበየደች፤ አብኔዘር አጉረመረመ እንጂ እንቢ አላለም። ከዚያ ሰኞ ሥራ ገባች።

መስቀያው ያመጣውን ለመናገር ብዙ ማጋነን አያስፈልግም። አሁን አንድ ማሽን ሲወጣ ሌሎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። መከላከያዎቹ ተመልሰው ስለገቡ ምላጭ ራቁቱን አይጓዝም። ቤንዚን ስለማይፈስ ጆንያውም ልብሱም አይሸትም። ዘንጎቹ መጣመም ትተዋል። ማታ ሲመለሱ ባዶ ባላ ካለ አንድ ማሽን የሆነ ግቢ እንደቀረ ገና ሳይነሱ ይታወቃል። ሠራተኞቹም ጠዋት በሩ ሲከፈት እንደ ቀድሞው ወደ ኋላ አይሸሹም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ለውጡ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ጥበብ አልጠየቀም። የምትሠራዋን ሰው መስማት ብቻ ነበር የጠየቀው፤ ያውም ገና በመጀመሪያው ቀን።

ዘኪያ አፉ ያለችው መቼ እንደሆነ አቶ ሙኽታር ለማንም አልተናገሩም፤ ማለቷንም አለማለቷንም የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው።

አንድ ቀን ቦሌ ውስጥ አንድ ግቢ አጭደው ሲወጡ፣ መንግሥቱ የተባለ ሌላ ሣር አሳጫጅ የራሱን ተሳቢ አጠገባቸው አቁሞ መስቀያውን ዞሮ ዞሮ አየው። ባላውን ነካ፣ መቆለፊያውን ገፋ አደረገ።

"ጋሽ ሙኽታር፣ ይሄማ ድንቅ ነው! እንዴት መጣልዎት?"

በአካባቢው ዘኪያን ጨምሮ አምስት ሠራተኞቻቸው ቆመው ነበር። የግቢው ዘበኛም ይሰማል። የአቶ ሙኽታር ፊት እንደ ሁልጊዜው ጋለ፤ ይህ ጥያቄ በተጠየቁ ቁጥር ይግላል፤ እለምደዋለሁ ብለው ነበር፣ አልለመዱትም።

"የሰው እጅ አስቆርጬ ነው" አሉ። "ቀድማ ነግራኝ ሳልሰማት ቀርቼ። አንተ ሳታስቆርጥ አሠራ።"

መንግሥቱ ሠራተኞቹን አየ፤ የዘኪያን ግራ እጅ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ተሳቢ ሄደና፣ ከገመዱ ሥር የተቆለሉትን ማሽኖቹን እያየ ቆመ። ገመዱን አልፈታውም።